ባትሪው አዲስ፣ መኪናው ግን አልነሳም፦ ስለ ባትሪ ቅያሬና ስለ ተርሚናል

ጠዋት ቁልፉን ታዞራላችሁ። የዳሽቦርዱ መብራት ቦግ ይላል፣ ከኮፈኑ ስር "ጠቅ" የሚል ድምፅ ይመጣል፣ ከዚያ ጭጭ። ዘበኛው "ባትሪ ነው" ይላል። ጎረቤቱም "ባትሪ ነው" ይላል። እሺ፣ ባትሪ ይገዛል። መኪናው አንድ ሁለት ሳምንት እንደ ልቡ ይነሳና ያቺው "ጠቅ" ተመልሳ ትመጣለች። ይኼኔ ደግሞ ሁሉም ሰው "ፎርጅድ ነው የሸጡልህ" ማለት ይጀምራል።

ሊሆን ይችላል። ፎርጅድ ባትሪ የለም አልልም። ግን በጣም ብዙ ጊዜ ችግሩ ባትሪው ውስጥ ሳይሆን ባትሪው ከኬብሉ ጋር የሚገናኝበት ቦታ ላይ ነው። ከባትሪው አናት ላይ ሁለት የእርሳስ ጉጦች ይወጣሉ፣ እነሱን ፖል እንበላቸው። በኬብሉ ጫፍ ያለው፣ ፖሉን አቅፎ በቡሎን የሚጠብቀው ብረት ደግሞ ተርሚናል ነው። ስለ ባትሪ ቅያሬ አንድ በአንድ እናወራለን፣ ዋናው ጉዳዬ ግን ተርሚናሉ ነው። ሰው ለባትሪው ያን ሁሉ ብር ሲከፍል ቅር አይለውም፣ ተርሚናሉ ጋ ሲደርስ ግን በሽቦና በሚስማር ሊያልፈው ይሞክራል።

መብራቱ እየበራ ሞተሩ የማይነሳው ለምንድን ነው? ትንሽ ሂሳብ አለው፣ አትሽሹ። ባትሪው "12 ቮልት" ይባላል እንጂ ጤነኛና ሙሉ ባትሪ ካረፈ በኋላ ሲለካ 12.6 ወይም 12.7 ነው የሚያሳየው። ውስጡ ስድስት ክፍል አለው፣ እያንዳንዱ 2.1 ቮልት ገደማ ይሰጣል። 12.4 ካሳየ ሩብ ያህሉ ወጥቷል። 12.2 ማለት ግማሽ ነው። 12 ላይ ከደረሰ የቀረው ሩብ ብቻ ስለሆነ ቻርጅ ይፈልጋል። የውስጥ መብራትና ራዲዮ የሚስቡት ጥቂት አምፔር ነው። ሞተሩን የሚያስነሳው ሞተሪኖ ግን እንደ ቪትዝ ባለች ትንሽ መኪና ላይ እንኳ ሞተሩን ሲያዞር ከ100 አምፔር በላይ ይስባል፣ ገና ሲጀምር ደግሞ ለቅጽበት ከዚያም በብዙ ያልፋል።

አሁን ተርሚናሉ ፖሉን በደንብ አልያዘም እንበል፣ ወይም መሃላቸው ዝገትና ነጭ ዱቄት ገብቷል። ያች ቦታ የአንድ ኦም አንድ መቶኛ ያህል መከላከል ብታመጣ፣ በ150 አምፔር ስታባዙት 1.5 ቮልት እዚያው ይቀራል ማለት ነው። ሞተሪኖው ደግሞ ያን ያህል ቮልት ተቀንሶበት እንደሚገባው አይዞርም። የሚቀረው ቮልት ዝም ብሎ አይጠፋም፣ ሙቀት ይሆናል፤ በዚህ ምሳሌ 225 ዋት ገደማ እዚያች ጠባብ ቦታ ላይ ይነዳል። ደጋግማችሁ ለማስነሳት ከሞከራችሁ በኋላ ተርሚናሉ ሲነካ የሚፋጀው ለዚህ ነው። ለሁለት አምፔር መብራት ግን ያው ልል ግንኙነት ከበቂ በላይ ስለሆነ ዳሽቦርዱ ቦግ ብሎ ይበራል፣ እናንተም "ኤሌክትሪኩማ አለ" ብላችሁ ትሸወዳላችሁ።

ስለዚህ ባትሪ ለመግዛት ከመውጣታችሁ በፊት ቴስተር (ቮልት መለኪያ) ፈልጉ፣ ርካሹም ይሆናል። በ20 ቮልት ዲሲ ላይ አድርጉት። ከዚያ አንዱን ጫፍ በቀጥታ በእርሳሱ ፖል አናት ላይ፣ ሌላውን ጫፍ ራሱ ፖሉን በያዘው ተርሚናል ላይ ታሳርፋላችሁ። አዎ፣ ሁለቱም እዚያው ናቸው፣ በመሃላቸው ምንም ርቀት የለም። አንድ ሰው ቁልፉን ያዙር። ግንኙነቱ ጥሩ ከሆነ ቴስተሩ ዜሮ ወይም ለዜሮ የቀረበ ነገር ያሳያል። 0.3፣ 0.5፣ አንዳንዴም ከ1 በላይ ካነበባችሁ ጥፋተኛው ተርሚናሉ ነው፣ ባትሪውን ተዉት። በኔጌቲቩም በኩል ድገሙት። ይህን ፍተሻ የሚያደርግ መካኒክ ካገኛችሁ ስልኩን ያዙ።

ተርሚናሉ ንጹህ ሆኖ ባትሪው ራሱ ሞተሩን ሲያዞር ከ9.6 ቮልት በታች ከወረደ፣ ያውም ሌሊቱን ሙሉ ቻርጅ ካደረገ በኋላ፣ እሱ በቃው። ግዙ።

ግዢው ላይ ነው ብዙ ሰው የሚሳሳተው። ሱቅ ገብቶ "የቪትዝ ባትሪ" ወይም "የ45 ባትሪ" ይላል። ነጋዴው ያለውን ያወጣል። የዓለም ባትሪ ግን በአንድ ልክ አልተሠራም፣ በተለይ ፖሉ። ብዙዎቹ ከጃፓን የሚመጡ ትናንሽ መኪኖች ቀጭን ፖል ነው ያላቸው፦ ፖዘቲቩ ከግርጌው 14.7 ሚሊሜትር፣ ኔጌቲቩ 13። የአውሮፓው፣ ፖሉ ከላይ የሆነው የአሜሪካውና ትልልቆቹ የጃፓን ባትሪዎች ደግሞ ወፍራም ናቸው፣ ፖዘቲቩ 19.5፣ ኔጌቲቩ 17.9 ሚሊሜትር። ልዩነቱ አምስት ሚሊሜትር ያህል ነው፣ በዓይን በደንብ ይለያል። አውራ ጣትና ትንሽ ጣት በሉት። ተመሳሳይ ሞዴል መኪና እንኳ የመጣበት አገር ሲለያይ ፖሉ ሊለያይ ስለሚችል "የጓደኛዬም ቪትዝ ነው" ማለት ዋስትና አይሆንም።

ሁለቱም ልኮች ላይ ፖዘቲቩ ከኔጌቲቩ የሚወፍረው ታስቦበት ነው። ሰው ገልብጦ እንዳያስር። የፖዘቲቭ ተርሚናል ኔጌቲቭ ፖል ላይ ሲገባ ልል ይሆናል፤ የኔጌቲቩ ደግሞ ፖዘቲቩ ላይ አልገባም ይላል። አልገባም ሲላችሁ በመዶሻ ከመጨመር በፊት ቆም ብላችሁ ምልክቱን እዩ። ገልብጦ ማሰር ፊውዝ ብቻ አይደለም የሚያቃጥለው፣ የዲናሞውን (የባትሪ መሙያውን) ዳዮዶችና ኮምፒውተሩንም ይዞ ሊሄድ ይችላል።

የጃፓን ባትሪ ላይ የተጻፈውን ኮድ ማንበብ ቀላል ነው። 46ቢ24ኤል (46B24L) የሚለውን እንውሰድ። 46 የአቅም ደረጃ ነው፣ አምፔር አይደለም፤ ብዙ ሻጮች "46 አምፔር ነው" የሚሉት ከዚህች ቁጥር ተነስተው ነው። ቢ የወርድና የቁመት ልክ ነው፣ ወርዱ 13 ሴንቲ ገደማ ይሆናል። 24 ርዝመቱ ነው በሴንቲሜትር። መጨረሻ ላይ ያለው ኤል ወይም አር ፖዘቲቩ በየት በኩል እንዳለ ይናገራል። እዚህ ላይ ተጠንቀቁ፣ ኤል ሲባል ግራ ብላችሁ እንዳትወስዱት። ጃፓኖቹ የሚያዩት ከጠባቡ ጎን፣ በፖዘቲቩ በኩል ቆመው ነው። ለእኛ የሚመቸው አነጋገር ይህ ነው፦ ሁለቱ ፖሎች ወደ ሆዳችሁ እንዲቀርቡ አድርጋችሁ ባትሪውን ፊት ለፊት አስቀምጡት፤ ፖዘቲቩ በቀኝ እጃችሁ በኩል ከሆነ ኤል ነው፣ በግራ ከሆነ አር። አር ገዝታችሁ ኤል የነበረበት ቦታ ብታስገቡት ኬብሉ አይደርስም፣ ወይም ተጎትቶ ይደርስና በየኮብልስቶኑ ሲንገጫገጭ ፖሉን ከሥሩ ይነቀንቀዋል።

ከሁሉም በላይ የምትፈለገው ግን ከኤል ወይም ከአር በኋላ የምትመጣው የእንግሊዝኛዋ ኤስ ፊደል ናት። በእነዚህ ትናንሽ ባትሪዎች ላይ ኤስ ካለች ወፍራም ፖል ነው፣ ከሌለች ቀጭን። 46ቢ24ኤል ቀጭን ነው፣ 46ቢ24ኤልኤስ ወፍራም። በድሮው አጠራር ኤንኤስ60ኤል ቀጭን ነው፣ ኤንኤስ60ኤልኤስ ወፍራም። ሳጥናቸው አንድ፣ አቅማቸው አንድ፣ መቀመጫቸው አንድ። ልዩነታቸው ያች ፊደል ብቻ ናት፣ እና ሶማሌ ተራ ላይ ጠዋት የተገዛ ባትሪ ከሰዓት ሊመለስ የሚሄደው በእሷ የተነሳ ነው። ከቤት ስትወጡ የአሮጌውን ባትሪ ኮድና የሁለቱን ፖሎች ፎቶ በስልካችሁ ይዛችሁ ውጡ። አሮጌው ላይ ተርሚናሉ በሽቦ ተጠቅልሎ ካገኛችሁት ግን እሱም ያለ ልኩ የገባ ስለሆነ ኮድ አትቅዱለት፤ የተርሚናሉን የውስጥ ስፋት ለኩ።

ከአውሮፓ የመጣ መኪና ያላችሁ ሌላ ዓለም ውስጥ ናችሁ። ፖሉ ወፍራም ነው፣ በባትሪው ጥግ ዝቅ ብሎ የተቀመጠ ነው፣ ባትሪውም ብዙውን ጊዜ የሚያዘው ከሥሩ ባለው ከንፈር ነው። የጃፓኑ ደግሞ ከላይ በሚያልፍ ብረት ይታሰራል። አንዱን በሌላው ቦታ ስታስገቡ "ገባ" ትላላችሁ፣ ግን የሚይዘው ነገር የለም። ያልታሰረ ባትሪ ውስጡ እየተንቀጠቀጠ የእርሳስ ሰሌዳዎቹን ይበላል። ረዘም ያለ ከሆነ ደግሞ ፖዘቲቩ ከኮፈኑ ብረት ጋር ይነካካል። ከዚያ በኋላ ያለው ወሬ የእሳት አደጋ ነው።

ሱቁ ውስጥ ሳላችሁ ሁለት ነገር ጨምሩ። በቴስተር አስለኩት፣ ከ12.5 በታች ከሆነ መደርደሪያ ላይ የከረመ ነው፣ ሌላ ጠይቁ። የተመረተበትንም ቀን እዩ። ከላይ ያለችው የቻርጅ ማሳያ አረንጓዴ ዓይን ላይ አትተማመኑ፣ እሷ የምታየው ከስድስቱ ክፍል አንዱን ብቻ ነው፤ አምስቱ ሞተው እሷ አረንጓዴ ልትሆን ትችላለች። "ድራይ ነው" የሚባለውም ባትሪ ደረቅ አይደለም። ውሃ እንዳይጨመርበት ተዘጋ እንጂ ውስጡ አሲድ ሞልቶታል። ስለዚህ አጋድማችሁ ከመኪናው ወንበር ላይ አትጫኑት።

እሺ፣ አሁን ባትሪው ወፍራም ፖል ነው፣ ተርሚናሉ ቀጭን። ወይም በተቃራኒው። ምን ይደረግ?

መጀመሪያ የማይደረገውን ልናገር፣ ምክንያቱም በየመንገዱ የሚደረገው እሱ ነው። ወፍራሙን ፖል በቢላ ወይም በሞረድ ሞርዶ ማቅጠን። ይገባል፣ አዎ፣ መኪናውም ይነሳል። ግን ፖሉ ወደ ላይ እየቀጠነ የሚሄድ ሆኖ የተሠራው ተርሚናሉ ዙሪያውን እኩል እንዲገጥመው ነው። በእጅ የተሞረደ ፖል ክብ አይደለም፤ ተርሚናሉ የሚነካው በሁለት በሦስት ቦታ ብቻ ይሆናል፣ ሂሳቡን ከላይ አይተነዋል። በዚያ ላይ ስትሞርዱት ሥሩ ይናጋል፣ አሲድ ማላብ ይጀምራል፣ ነጩ ዱቄት ይበቅላል። ዋስትናም ካለው እዚያው አበቃ። የእርሳሱ ብናኝም መርዝ ነው፣ ቁርስ በሚበላበት እጅ የሚነካ ነገር አይደለም።

ሁለተኛው፣ ቀጭን ፖል ላይ ወፍራም ተርሚናል አስገብቶ ክፍተቱን በሚስማር፣ በመዳብ ሽቦ፣ በጣሳ ቁራጭ መሙላት ነው። በትልቅ ጫማ ውስጥ ጋዜጣ ጠቅጥቆ እንደ መሮጥ ነው፤ ለሁለት እርምጃ ይሆናል። ሚስማሩ ይዝጋል፣ የጣሳው አሉሚኒየም አሲድ ሲነካው ይበላል፣ ሽቦው ይላላል። አንድ ቀን ማታ ዝናብ እየዘነበ መብራት ላይ ቆማችሁ ይጠፋባችኋል። ሁልጊዜ እንደዚያ ያለ ቀን ነው የሚመርጠው።

ለዚህኛው ግን ደህና መፍትሔ አለ። ቀጭኑን ፖል ወደ ወፍራም የሚቀይር የእርሳስ ወይም የነሐስ ቆብ ይሸጣል። በፖሉ ላይ ልክክ ብሎ ይገባና ተርሚናሉ ከላዩ ይታሰራል። የፖዘቲቩና የኔጌቲቩ ቆብ ስፋታቸው ይለያያል፣ ጥንድ ሆነው ነው የሚገዙት። ርካሽ ነው፣ ይሠራል።

ተቃራኒው፣ ማለትም ወፍራም ፖልና ቀጭን ተርሚናል፣ ይከብዳል። ተርሚናሉን በካቻቢቴ ፈልቅቆ ማስፋት እስከ ሚሊሜትር ያስኬዳል፣ አምስት ሚሊሜትር ግን አያስኬድም፤ ይሰነጠቃል። ቀሪው መንገድ ተርሚናሉን መቀየር ነው። እዚህ ጋ የእኔ አቋም ይህ ነው፦ ባትሪ ለመኪናው ይፈለጋል እንጂ የመኪናው ኬብል ለባትሪ ተብሎ አይቆረጥም። በተለይ አዳዲሶቹ መኪኖች ላይ የፖዘቲቩ ተርሚናል ከላዩ የዋና ፊውዞች ሳጥን ተሸክሟል፣ ኔጌቲቩ ላይ ደግሞ ባትሪውን የሚቆጣጠር ትንሽ ሴንሰር ተለጥፎ ታገኛላችሁ። እነዚህን ቆርጦ መንገድ ዳር የተገዛ ተርሚናል ማሰር ለሌላ በሽታ በር መክፈት ነው። ኤስ ፊደል የሌለበትን ባትሪ ፈልጉ፣ አንድ ቀን ዘግይታችሁም ቢሆን።

አሮጌ መኪና ከሆነ፣ ወይም ዋናው ተርሚናል ቀድሞ በሆነ ሰው ተቆርጦ ከጠፋ፣ አዲስ መግጠም ግድ ነው። ገበያው ላይ ከእርሳስ፣ ከነሐስና ከቀላል ቅልቅል ብረት የተሠሩ አሉ። የእርሳሱ ለስላሳ ስለሆነ ፖሉን በደንብ ያቅፋል፣ ግን ቡሎኑን ከመጠን በላይ ካጠበቃችሁት ይለጠጣል። የነሐሱ ይጠነክራል፣ ልኩ ትክክል ከሆነ እኔ እሱን እመርጣለሁ። ሲያነሱት እንደ ላባ የሚቀለው፣ የሚያብረቀርቀው ስስ ብረት ግን ለገንዘብም ለጊዜም አይበጅም።

ኬብሉ ወደ ተርሚናሉ የሚገባበትም መንገድ ወሳኝ ነው። የተለመደው በሁለት ቡሎን የሚጨመቅ ጠፍጣፋ ብረት ስር የተላጠውን ኬብል ማስገባት ነው። ለጊዜው ይሆናል፤ ግን የመዳቡ ክሮች ወደ ጎን ይበተናሉ፣ ከፊሉ ሳይያዝ ይቀራል፣ የአሲዱ ጭስ ደግሞ በክሮቹ መሃል ወደ ውስጥ ገብቶ መዳቡን አረንጓዴ ያደርገዋል። የሚሻለው በኬብሉ ጫፍ ላይ የመዳብ ቀለበት በመጭመቂያ አስጨምቆ፣ ቀለበቱን በተርሚናሉ ቡሎን ማሰር ነው። ኬብሉን ስትልጡት መዳቡ ጠቁሮ ካያችሁ ቀይ መዳብ እስክታገኙ ድረስ ወደ ኋላ ቁረጡ። ኬብሉ ካጠረ ቀይሩት፣ አትቀጥሉት። ቀጭን ኬብልም አትግዙ፦ ለትንሽ የቤንዚን መኪና ቢያንስ 16 ስኩዌር ሚሊሜትር፣ 25 ከሆነ ይበልጥ ጥሩ፤ ለናፍጣ 35 እና ከዚያ በላይ።

ቅያሬው ራሱ ሃያ ደቂቃም አይፈጅም። ሞተር ይጠፋል፣ ቁልፍ ይወጣል፣ ቀለበትና የብረት ሰዓት ይወልቃል። ባትሪ አጠገብ ሲጋራ የለም፣ ሃይድሮጅን ጋዝ ይተነፍሳልና። በብዙ መኪኖች የምትፈልጉት የ10 ቁልፍ (የቡሎን መፍቻ) ነው። መጀመሪያ የሚፈታው ኔጌቲቩ ነው፣ ጥቁሩ። ይህ ወግ ብቻ አይደለም፦ የመኪናው አካል በሙሉ ከኔጌቲቩ ጋር የተያያዘ ነው። ፖዘቲቩን ቀድማችሁ ስትፈቱ ቁልፉ የአካሉን ብረት ከነካ ባትሪውን በቀጥታ አገናኛችሁት ማለት ነው፣ ቁልፉ እዚያው ይበየዳል። ኔጌቲቩ አንዴ ከተፈታ ግን ፖዘቲቩን ስትፈቱ ብረት ብትነኩም ምንም አይሆንም። ስትመልሱ ተቃራኒው ነው፣ ፖዘቲቭ መጀመሪያ፣ ኔጌቲቭ መጨረሻ።

ተርሚናሉ አልወጣ ካለ በካቻቢቴ አትፈልቅቁት፣ በመዶሻም አትምቱት። ቡሎኑን ላላ አድርጋችሁ በእጅ ግራ ቀኝ እያወዛወዛችሁ አውጡት። ከወጣ በኋላ ወደ ብርሃን አዙራችሁ ውስጡን እዩት፣ እውነቱን ይናገራል። ፖሉን ሲነካ የኖረው ቦታ ያብረቀርቃል፣ ያልነካው ጠቁሯል። ዙሪያውን የሚያብረቀርቅ ከሆነ ጤነኛ ነው። በአንድ በኩል ብቻ ቀጭን የብር መስመር ካያችሁ፣ መኪናችሁ እስከ ዛሬ ሲነሳ የኖረው በዚያች መስመር ነበር።

ነጩንና ሰማያዊውን ዱቄት በአንድ ብርጭቆ ሙቅ ውሃ ውስጥ አንድ ማንኪያ ቤኪንግ ሶዳ በጥብጣችሁ በአሮጌ የጥርስ ብሩሽ እጠቡት። ይፈላል፣ ያ አሲዱ ሲሞት ነው። ክዳን ያለው ባትሪ ከሆነ ውሃው ወደ ውስጥ እንዳይገባ ክዳኖቹን አጥብቁ። ከዚያ አድርቁ፣ ፖሉንና የተርሚናሉን ውስጥ በብርጭቆ ወረቀት በስሱ አሽት አሽት አድርጉ። እስኪያበራ ድረስ ነው እንጂ እስኪቀጥን አይደለም። አሲድ ዓይን ውስጥ ከገባ በብዙ ውሃ ለረጅም ጊዜ ማጠብና ወደ ሐኪም መሄድ ነው።

አዲሱን አስቀምጡ፣ ማሰሪያውን አጥብቁ፣ ተርሚናሉን እስከ ታች ድረስ በእጅ ግፉት። የፖሉ አናት ከተርሚናሉ ጋር እኩል መሆን ወይም ትንሽ ብቅ ማለት አለበት። ተርሚናሉ ከፖሉ በላይ ተንጠልጥሎ ከቀረ ልኩ ጠቧል ማለት ነው። ቡሎኑን በአጭር ቁልፍ በእጅ አንጓ ጉልበት አጥብቁ፣ የክንድ ጉልበት አያስፈልግም። ፈተናው ቀላል ነው፦ ተርሚናሉን በእጃችሁ ጠምዝዙት፣ ምንም ካልዞረ በቃ። ቡሎኑ እስከ መጨረሻው ጠብቆ፣ የተርሚናሉ ሁለት ጫፎች ተነካክተው አሁንም ከዞረ ግን ማጥበቅ አይፈታውም፣ ተርሚናሉ ሰፊ ነው፤ ቆብ ይፈልጋል። ቫዝሊን ወይም ግሪስ የሚቀባው ካጠበቃችሁ በኋላ ከላይ ነው፣ በፖሉና በተርሚናሉ መሃል አይደለም። የፖዘቲቩን የላስቲክ መሸፈኛ አትጣሉት።

አንድ በጣም የተለመደ ነገር አለ፣ በተለይ በሚኒባስና በታክሲ ሠፈር። ሞተሩን በሌላ ባትሪ አስነስቶ፣ እየሠራ እያለ ባትሪውን ነቅሎ መውሰድ። በድሮ ላዳ ላይ ያስኬድ ይሆናል። ኮምፒውተር ባለው መኪና ላይ ግን ባትሪው ድንገት ሲነቀል ዲናሞው የሚያመነጨው ቮልት ለቅጽበት ከ40 በላይ ሊዘል ይችላል፣ ኮምፒውተሩ የተሠራው ለ14 ቮልት ነው። የተቆጠበው የባትሪ ዋጋ በኮምፒውተር ዋጋ ይመለሳል።

ከቅያሬው በኋላ ሰዓቱ ዜሮ ይላል፣ መስኮቶቹ በአንድ ንክኪ እስከ ላይ መውጣት እምቢ ይሉ ይሆናል፣ ሞተሩ ቆሞ ሲሠራ ከፍ ዝቅ ሊል ይችላል። አትደንግጡ፣ ኮምፒውተሩ የለመደውን ረስቶ ነው፤ ትንሽ ሲነዳ ብዙውን ጊዜ ይስተካከላል። መብራት ላይ ሲቆም ራሱ የሚጠፋና ራሱ የሚነሳ መኪና ከሆነ ግን ተራ ባትሪ አይበቃውም፣ ለእሱ የተሠራውን ነው የሚፈልገው። ሞተሩ እየሠራ በፖሎቹ ላይ ለኩ፦ ከ13.8 እስከ 14.5 አካባቢ ከሆነ ዲናሞው ደህና ነው። 12 ነገር ላይ ከቆመ አዲሱም ባትሪ በቅርቡ ይሞታል። 15 ካለፈም ይሞታል፣ ተቀቅሎ። መኪናው ቆሞ ሁሉም ነገር ጠፍቶ ሳለ ከ50 ሚሊአምፔር በላይ የሚስብ ነገር ካለ ደግሞ መጀመሪያ የምጠረጥረው በኋላ የተገጠመ አላርም፣ ጂፒኤስ ወይም ቴፕ ነው።

ሙቀት ባትሪን ከብርድ በላይ ይገድላል። ብርድ የሚያደርገው የደከመውን ማጋለጥ ነው። መተማ፣ ሰመራ ወይም ዱባይ የሚነዳ መኪና ባትሪው አዲስ አበባ ካለው ቶሎ ቢያልቅ የሚገርም አይደለም፤ ሙቀቱ 10 ዲግሪ በጨመረ ቁጥር ዕድሜው በግማሽ ገደማ ይቀንሳል የሚል የተለመደ ስሌት አለ። እንደዚያ ባለ አገር ክዳን ያለውን ባትሪ ውሃ ቶሎ ቶሎ እዩት፣ የሚጨመረውም የተጣራ የባትሪ ውሃ ብቻ ነው፣ አሲድ አይደለም፣ የቧንቧም አይደለም።

አሜሪካ ሆናችሁ ፕሪየስ የምትነዱ ደግሞ፣ ሁለተኛውና ሦስተኛው ትውልድ ላይ የ12 ቮልቱ ባትሪ ያለው ከኋላ ዕቃ መጫኛው ውስጥ በቀኝ በኩል ነው፣ ፖሉም ያው የጃፓን ቀጭኑ ነው። እዚያ አገር ተራ ሱቅ ውስጥ የሚገኘው በአብዛኛው ወፍራም ስለሆነ በስም ጠይቁ። ባትሪው ከተሳፋሪ ጋር አንድ ክፍል ውስጥ ስለሆነም ጋዙን ወደ ውጭ የሚያወጣ ቀጭን ቱቦ አለው። ስትቀይሩ ቱቦውን መልሳችሁ ሰኩት።

በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ ኢትዮጵያ እንዳይገቡ በ2016 ዓ.ም. ከተከለከለ ወዲህ የኤሌክትሪክ መኪና የገዛ ሰው "እኔ ከዚህ ሁሉ ተገላገልኩ" ይል ይሆናል። አልተገላገለም። ከሥር ካለው ትልቁ ባትሪ ሌላ አብዛኞቹ ትንሽ የ12 ቮልት ባትሪም አላቸው፤ በሩን የሚከፍተውና ኮምፒውተሩን የሚቀሰቅሰው እሱ ነው። እሱ ሲሞት ትልቁ 80 በመቶ ሞልቶም መኪናው ዝም ይላል። ቅያሬው ከላይ እንዳልነው ነው፣ መጀመሪያ ግን የመኪናውን መመሪያ እዩ፣ አንዳንዶቹ ላይ ትንሹም ባትሪ እርሳስ ሳይሆን ሊቲየም ስለሆነ በተራው አይተካም። ብርቱካናማ ሽፋን ያለውን ኬብል ደግሞ በእጃችሁም በቁልፋችሁም አትንኩት፣ እሱ ላይ ያለው ቮልት በመቶዎች የሚቆጠር ነው።